ፖስትፊክስ ላይ የኢሜይል መጠን መገደብ፦ ከቁጥር አመራረጥ እስከ ሙከራ

የመሥሪያ ቤት ሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ይህ ስልክ ሳይደወልለት አይቀርም። «ፋይሉ እኮ 9 ሜጋ ነው፤ ገደቡ 10 ነው ብላችሁናል፤ ታዲያ ለምን አልሄድ አለ?» ደዋዩ አልዋሸም። ሰርቨሩም አልተበላሸም። ሰውየው የሚያየው ቁጥርና ሰርቨሩ የሚለካው ቁጥር ስለሚለያይ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙ ሰው ገደቡን አንድ ቦታ ቀይሮ ይተወዋል። ኢሜይሉ ግን ተቀባዩ ጋ እስኪደርስ አራት አምስት በር ያልፋል፤ እያንዳንዱ በር የራሱ ቁጥር አለው።

ይህ መመሪያ ፖስትፊክስ የተባለውን የሜይል ሰርቨር ፕሮግራም በኡቡንቱ ወይም በዴቢያን ሊኑክስ ለሚያሠሩ ነው። ሌላ ሰርቨር ያላችሁም ስሌቱና ቅደም ተከተሉ ያገለግላችኋል። ትእዛዞቹንና የቅንብር ስሞቹን እዚህ በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በላቲን፣ አብዛኞቹን በትንንሹ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። የታች ሰረዙ፣ ነጥቡና የእኩል ምልክቱ ግን እንዳለ ነው።

ገደቡ ለምን ያስፈልጋል

ኢሜይል እየተላከ መስመር ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም። እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። 35 ሜጋባይት መልእክት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር፣ ምንም እንቅፋት ሳይገጥመው፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። 33ኛው ሜጋ ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም መስመሩ ቢቆረጥ የሄደው ሁሉ ባከነ ማለት ነው። ፖስትፊክስ ደግሞ ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም። ቅንብሩ ካልተነካ 5 ቀን ሙሉ እየደጋገመ ይሞክራል። እንዲህ ያለ መልእክት ሦስት አራት ሆኖ ወረፋ ላይ ከተቀመጠ ቢሮው ሁሉ «ዛሬ ኔትወርኩ ምን ነካው?» እያለ ይውላል።

ዲስኩም አለ። አንድ ሰው 20 ሜጋ የስብሰባ ፎቶ «ለሁሉም ሠራተኛ» ብሎ ቢልክና ሠራተኛው 40 ቢሆን፣ ሰርቨሩ ላይ የሚያዘው ቦታ ከ1 ጊጋባይት ይበልጣል። ለአንድ ቀን ስብሰባ! ብዙ ጊዜ በየሳጥኑ ለየብቻው ነው የሚቀመጠው። ገደብ የሌለው ሰርቨር ደግሞ ዲስኩን ሆን ብሎ መሙላት ለፈለገ ሰው የተከፈተ በር ነው።

ቁጥሩን ከፋይሉ ተነሥታችሁ ምረጡ

ኢሜይል መጀመሪያ የተሠራው ለተራ ጽሑፍ ነው። ፎቶ፣ ፒዲኤፍ ወይም ኤክሴል ሲያያዝ ፋይሉ ቤዝ 64 በሚባለው ዘዴ ወደ ፊደላት ይቀየራል። 3 ባይት የነበረው 4 ፊደል ይሆናል። በየ76 ፊደሉ ደግሞ መስመር ማብቂያ 2 ባይት ይጨመራል። ስለዚህ 57 ባይት ገብቶ 78 ባይት ሆኖ ይወጣል። ፋይሉን በ1.37 አባዙት፤ ሰርቨሩ የሚያየው ያንን ነው።

የደዋያችን 9 ሜጋ በዚህ ስሌት 12.3 ሜጋ ሆነ። ፖስትፊክስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው ገደብ 10240000 ባይት ነው። ይህን ወደኋላ ብታሰሉት የሚያልፈው ትልቁ ፋይል 7 ሜጋ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሠራተኛውን «ገደባችን 10 ነው» ስትሉት የፋይሉን ሳይሆን የጥቅሉን መጠን ነው የነገራችሁት። ልማዱን ገልብጡት፦ ለሠራተኛው የምትነግሩትን የፋይል መጠን መጀመሪያ ወስኑ፤ ሰርቨሩ ላይ የሚገባውን ቁጥር ከዚያ አስሉ።

ለ10 ሜጋ ፋይል 15728640 አስገቡ።
ለ20 ሜጋ ፋይል 29360128።
ለ25 ሜጋ ፋይል 36700160።

ሦስቱም ለደብዳቤው ጽሑፍና ለራስጌው ትንሽ ትርፍ አላቸው። ለአብዛኛው ቢሮ እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው። ምክንያቱም ጂሜይል ተጠቃሚው እስከ 25 ሜጋ አባሪ እንዲልክ ይፈቅዳል፤ ያ ተጠቅልሎ እናንተ ጋ ሲደርስ 34፣ 35 ሜጋ ይሆናል። ደንበኛው ከጂሜይል ልኮት የእናንተ ሰርቨር ሲመልስበት ወቀሳው የሚመጣው ወደ ጂሜይል አይደለም።

«ለምን 100 አናደርገውም?» የሚል ሥራ አስኪያጅ መኖሩ አይቀርም። መልሱ ቀላል ነው። የእኛ በር ቢሰፋ የሌላው በር አይሰፋም። ጂሜይል ራሱ የሚቀበለው እስከ 50 ሜጋ ብቻ ነው። መልእክቱ ከእናንተ ሰርቨር ይወጣል፤ እዚያ ይመለሳል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሄዷል ብሎ ተቀምጧል።

ከመወሰናችሁ በፊት የራሳችሁን ሎግ እዩ። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ብዙ ጊዜ /ቫር/ሎግ/ሜይል.ሎግ የሚባለው ፋይል ነው። ኪውኤምጂአር (የወረፋው አስተዳዳሪ) የሚል ስም ያለባቸውን መስመሮች በግሬፕ፣ ማለትም በፍለጋ ትእዛዙ አውጡ። «ሳይዝ=» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመልእክቱ መጠን በባይት ነው። በሶርት ደርድራችሁ ትልልቆቹን 50 ተመልከቱ። ወረፋ ላይ የቆየ መልእክት በተሞከረ ቁጥር እንደገና ስለሚመዘገብ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ተደጋግሞ ብታዩ አትደንግጡ። ውድቅ የተደረጉት ደግሞ እዚህ አይወጡም፤ እነሱን ለብቻ ነው የምንፈልጋቸው።

ትልልቆቹን ስትከፍቱ ምን ታገኛላችሁ? ብዙ ጊዜ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። አንድ ገጽ፣ ግማሹ ባዶ፣ ግን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) በቀለም ስካን የተደረገ። ያው ገጽ በ200 ዲፒአይ ጥቁርና ግራጫ ቢሆን፣ ከመጨመቁ በፊት ያለው መጠን 27 እጥፍ ያንሳል። ስሌቱ ይኸው፦ ነጥቦቹ ወደ ጎን 3 እጥፍ፣ ወደ ታች 3 እጥፍ፣ ቀለሙ 3 እጥፍ። ፊርማውም ማህተሙም በ200 ጥርት ብሎ ይነበባል። ማህተሙ ሰማያዊ ሆኖ መታየት አለበት ከተባለ ቀለሙን ተዉት፤ ዲፒአዩ መውረዱ ብቻ 9 እጥፍ ያቀልለታል። የሰርቨር ገደብ ከመጨመር የስካነሩን ቅንብር መቀየር ይቀድማል ባይ ነኝ።

አንዳንድ ሰው «አማርኛ ብዙ ቦታ ይይዛል» ሲል ይሰማል። እውነት አለው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው፤ ቤዝ 64 ሲሆን ደግሞ አራት። ግን 2000 ፊደል ያለው ረዘም ያለ ደብዳቤ ቢሆን 8 ኪሎባይት ነው። ከአንድ የስልክ ፎቶ አጠገብ ምንም ነው።

ፖስትፊክስ ላይ ቁጥሩን ማስገባት

አሁን ያለውን ቁጥር እዩ፦

ፖስትኮንፍ ሜሴጅ_ሳይዝ_ሊሚት

ማንም ነክቶት ካላወቀ 10240000 ይላችኋል። ከመቀየራችሁ በፊት /ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ሜይን.ሲኤፍ የሚለውን ፋይል ቅጂ አስቀምጡ። ከዚያ፦

ሱዶ ፖስትኮንፍ -ኢ "ሜሴጅ_ሳይዝ_ሊሚት = 36700160"

ቁጥሩ በባይት ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ ሜጋ ለማለት ኤም የሚል ፊደል ብትጨምሩ ፖስትፊክስ ቁጥር አይደለም ብሎ ይቆማል። ኮማም አይገባም። ኤክሲም የተባለውን ሌላ የሜይል ሰርቨር የለመደ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ኤክሲም 50ኤም ቢባል ይገባዋል፣ እንዲያውም ሲጫን ያለው ገደብ እሱ ነው። ፖስትፊክስ ላይ 0 ማስገባት ደግሞ ገደብ የለም ማለት ነው። አታድርጉት።

ቀጥሎ ሜይልቦክስ_ሳይዝ_ሊሚት የሚባለውን ተመልከቱ። ስሙ የሠራተኛውን የሳጥን ኮታ ይመስላል፤ አይደለም። ሰርቨሩ ራሱ ወደ ሳጥን ሲጽፍ አንድ ፋይል ከዚህ እንዳይበልጥ የሚያደርግ ነው። እያንዳንዱ መልእክት በየራሱ ፋይል በሚቀመጥበት ዘዴ የሚለካው አንዱ መልእክት ነው፤ ሁሉም በአንድ ፋይል በሚደረደርበት ዘዴ ግን ሙሉ ሳጥኑ። ኡቡንቱና ዴቢያን ሲጭኑት 0 ያደርጉታል፤ ገደብ የለውም ማለት ነው። ሌላ ቦታ ግን 51200000 ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህ ቁጥር ከመልእክቱ ገደብ ማነስ የለበትም። ካነሰ ነገሩ አሳሳች ነው፦ ሰርቨሩ መልእክቱን ከውጭ ይቀበላል፣ ወደ ሳጥን ማስገባት ላይ ግን እምቢ ይላል፣ ወረፋው ይከመራል። ሎጉ ላይ የቅንብር ስህተት እንዳለ፣ የትኛው ከየትኛው እንዳነሰ ስማቸውን ጠርቶ ይነግራችኋል። ቨርቹዋል የሚባለውን ማድረሻ የምትጠቀሙ ደግሞ ቨርቹዋል_ሜይልቦክስ_ሊሚት ላይ ያንኑ አረጋግጡ፤ እሱም ሲጫን 51200000 ነው። በ36700160 የቆየ ሰው ከሁለቱም አይጋጭም። ከ51200000 በላይ የሚሄድ ግን ሦስቱንም አብሮ ያንሳ።

ዲስኩንም አትርሱ። ፖስትፊክስ የወረፋው ማህደር ባለበት ዲስክ ላይ ቢያንስ የገደቡ አንድ ተኩል እጥፍ ነፃ ቦታ ካላገኘ አዲስ መልእክት አይቀበልም። በኛ ቁጥር ይህ 55 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። ኢምንት ይመስላል። ግን ሎግ ዲስኩን የሞላው ትንሽ ሰርቨር ላይ ገደቡን ከፍ ባደረጋችሁ ማግስት ኢሜይል በሙሉ ሊቆም ይችላል፤ የሁለት መስመር ደብዳቤውም ጭምር። ምልክቱ 452 4.3.1 የሚል መልስ ነው። ዲኤፍ -ኤች ብላችሁ /ቫር/ስፑል/ፖስትፊክስ ያለበትን ዲስክ ቀድማችሁ እዩ።

ይህን ከጨረሳችሁ፦

ሱዶ ፖስትፊክስ ቼክ
ሱዶ ፖስትፊክስ ሪሎድ

ሰርቨሩን ዘግቶ መክፈት አያስፈልግም።

ለሠራተኛው ጠበብ፣ ለውጭው ሰፋ

ከውጭ የሚመጣውን 25 ሜጋ ፋይል እየተቀበላችሁ፣ የራሳችሁ ሰው የሚልከውን 20 ላይ መያዝ ትችላላችሁ። እኔ ይህን እመርጣለሁ። ከውጭ የሚመጣው በእጃችሁ አይደለም፤ የሚወጣው ግን ነው፤ የቢሮውን የመላኪያ መስመር የሚይዘውም እሱ ነው።

/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ማስተር.ሲኤፍ ክፈቱ። ሰብሚሽን በሚል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፤ ሠራተኛው በ587 በር (ፖርት) የሚገባበት ነው። ከሥሩ፣ በክፍት ቦታ ጀምራችሁ፣ ይህን ጨምሩ፦

  -ኦ ሜሴጅ_ሳይዝ_ሊሚት=29360128

ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይግባ። 465 በርንም የምትጠቀሙ ከሆነ እሱም ሥር ድገሙት፤ ያለዚያ አንዱ ሠራተኛ ያልፋል ሌላው አያልፍም፤ ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ተገላቢጦሹ አይሠራም። ዋናው ፋይል ላይ ትንሽ ቁጥር አስቀምጣችሁ በሩ ላይ ትልቅ ብትጽፉ፣ በሩ ያሳለፈውን ከውስጥ ያለው ክፍል በዋናው ቁጥር ይቆርጠዋል። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ ሜይን.ሲኤፍ ላይ ይሁን።

ሰው መልእክቱ ሲመለስበት የሚያየው 552 5.3.4 የሚል ደረቅ መልስ ነው። ማን ይረዳዋል? ከፖስትፊክስ 2.8 ጀምሮ ኤስኤምቲፒዲ_ሪጀክት_ፉተር በሚል ቅንብር ከመልሱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይቻላል። የአይቲ ክፍሉን የውስጥ ስልክ ጻፉበት። ገደብ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩ በሚሰጠው የእምቢታ መልስ ሁሉ ላይ ስለሚወጣ አጠር ያለና አጠቃላይ ይሁን። በእንግሊዝኛ ብትጽፉት ይሻላል፤ የአማርኛው ፊደል መንገድ ላይ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጥ ይችላል።

ሌሎቹ በሮች

ፖስትፊክስ ተስተካክሎም ዌብሜይል (በብሮውዘር የሚከፈተው ኢሜይል) ላይ 3 ሜጋ ፋይል አልያያዝ ካለ ጥፋቱ ከሜይሉ ሳይሆን ከዌብ ሰርቨሩ ነው። ራውንድኪዩብ የተባለውን ዌብሜይል እንውሰድ። ፋይሉ መጀመሪያ የሚያልፈው በዌብ ሰርቨሩ በኤንጂንኤክስ ነው፤ እሱ ካልተነገረው ከ1 ሜጋ በላይ የሆነ ነገር አይቀበልም፣ 413 የሚል ስህተት ይሰጣል። ቅንብሩ ክላየንት_ማክስ_ቦዲ_ሳይዝ ነው። ቀጥሎ ራውንድኪዩብ የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ አለ። አፕሎድ_ማክስ_ፋይልሳይዝ ሲጫን 2 ሜጋ፣ ፖስት_ማክስ_ሳይዝ ደግሞ 8 ሜጋ ነው። እዚህ የሚለካው ቤዝ 64 ያልሆነው እውነተኛው ፋይል ስለሆነ 1.37ቱን ተዉት። ለ20 ሜጋ ፋይል አፕሎዱን 20ኤም፣ ፖስቱንና ኤንጂንኤክሱን 24ኤም አድርጉ። እነዚህ ከፖስትፊክስ በተለየ የፊደል ምልክት ይቀበላሉ። ፖስቱ ከአፕሎዱ ከፍ ማለት አለበት፤ ፋይሉ ከሌሎች የቅጹ መረጃዎች ጋር አንድ ላይ ስለሚላክ።

የፒኤችፒ ቅንብር ፋይል ከአንድ በላይ መሆኑን ልብ በሉ። ተርሚናል ላይ የሚሠራው አንድ፣ ለዌብ የሚሠራው ሌላ ነው። የዌቡን፣ ማለትም የኤፍፒኤም ማህደር ውስጥ ያለውን ነው የምትቀይሩት፤ ከዚያ አገልግሎቱን ሪሎድ አድርጉ። ራውንድኪዩብ ራሱ ማክስ_ሜሴጅ_ሳይዝ የሚል ቅንብር አለው፤ 100 ሜጋ ሆኖ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም።

የቫይረስ መርማሪውን አጣሩ። ክላምኤቪ ስትሪምማክስሌንግዝና ማክስፋይልሳይዝ የሚባሉ የራሱ ገደቦች አሉት፤ እንደ ስሪቱ ይለያያሉ። ከፖስትፊክስ ቁጥር ካነሱ ትልልቁ መልእክት ወይ ሳይመረመር ያልፋል ወይ ተይዞ ይቀራል፤ የትኛው እንደሚሆን እንደ አገናኛችሁበት መንገድ ነው። ሁለቱም አይበጅም። ከ36700160 ከፍ አድርጓቸው። የቆሻሻ ሜይል ማጣሪያው ስፓምአሳሲን ግን በስፓምሲ በኩል ከ500 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ሳይነካ ያሳልፋል። እሱን ተዉት፤ ቆሻሻ ሜይል የሚልክ ሰው ትልቅ ፋይል መላክ አይመቸውም፣ ሰርቨሩም በከንቱ ይደክማል።

የሳጥን ኮታ ሌላ ጉዳይ ነው። ሳጥኖቹን በሚያስተዳድረው ዶቭኮት ላይ የሠራተኛው ሳጥን ሞልቶ ከሆነ የመልእክቱ መጠን ቢፈቀድም አይገባም። ቢቻል ኮታውን ፖስትፊክስ በር ላይ እያለ እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ዶቭኮት ለዚህ ኮታ ስታተስ የሚባል አገልግሎት አለው።

ሁለተኛ ሰርቨር፣ ማለትም መጠባበቂያ ኤምኤክስ ካላችሁ፣ ቁጥሩ ከዋናው ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህን ችላ የሚል ብዙ ነው። መጠባበቂያው 50 ሜጋ ተቀብሎ ለዋናው ሲያስተላልፍ ዋናው 35 ላይ እምቢ ካለ፣ መልስ የመላክ ኃላፊነቱ በመጠባበቂያው ላይ ይወድቃል። እሱም የደረሰውን የላኪ አድራሻ አምኖ «አልደረሰም» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። አድራሻው የተጭበረበረ ከሆነ ደብዳቤው የሚሄደው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። ይህ ሲደጋገም የእናንተ አይፒ ጥቁር መዝገብ ላይ ይገባል። በር ላይ እምቢ ማለት ከገባ በኋላ ከመመለስ ሁልጊዜ ይሻላል።

ዚምብራ ወይም ሌላ የአስተዳደር ገጽ ያለው ሥርዓት የምትጠቀሙ ሜይን.ሲኤፍን በእጅ አትንኩ። ሥርዓቱ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይጽፈዋል፣ የእናንተው ይጠፋል። ዚምብራ ላይ ቁጥሩ ዚምብራኤምቲኤማክስሜሴጅሳይዝ በሚለው ስም በዜድኤምፕሮቭ ትእዛዝ ይቀየራል። ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ላይ ደግሞ ሦስት ቦታ ነው፦ ለድርጅቱ በሙሉ፣ ለማገናኛው፣ ለእያንዳንዱ ሳጥን።

መሞከር

ትልቅ ፋይል ሳትልኩ መሞከር ይቻላል። በ1995 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 1870 በሚል የወጣው ደንብ ላኪው ሰርቨር ፋይሉን ከመላኩ በፊት መጠኑን እንዲናገር፣ ተቀባዩም ገደቡን ቀድሞ እንዲያሳውቅ አድርጓል። ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ ቴልኔት ሎካልሆስት 25 በሉ። ሰላምታው ሲመጣ ኢኤችኤልኦ ሎካልሆስት ጻፉ። ከሚዘረዘሩት መስመሮች አንዱ ይህ ነው፦

250-ሳይዝ 36700160

አሮጌው ቁጥር ከመጣ ሪሎድ አላደረጋችሁም፣ ወይም ማስተር.ሲኤፍ ላይ ያ በር የራሱ ቁጥር ተጽፎበታል። ቀጥሎ ሜይል ፍሮም ብላችሁ የራሳችሁን አድራሻ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገቡ። ክፍት ቦታ ትታችሁ ሳይዝ=40000000 ጨምሩ። ሰርቨሩ ወዲያው፦

552 5.3.4

ብሎ መልእክቱ ከገደቡ እንደሚበልጥ መመለስ አለበት። አንድም ባይት ፋይል አልተላከም። ከዚያ በ30000000 ድገሙት፤ 250 ብሎ ይቀበላችኋል። መጠኑን ቀድሞ የማይናገር ላኪ ሲገጥም ግን ሰርቨሩ መልእክቱን ተቀብሎ ሲጨርስ ነው እምቢ የሚለው፤ መስመሩን ከብክነት አያድነውም፣ ዲስኩን ግን ያድናል።

587 በርን ለማየት ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ_ክላየንት ከስታርትቲኤልኤስ አማራጩ ጋር ተጠቀሙ። እዚያ 29360128 ማየት አለባችሁ።

አሁን እውነተኛ ፋይል። ትረንኬት -ኤስ 19ኤም ብላችሁ ባዶ የሙከራ ፋይል ፍጠሩ፤ አንዱን ደግሞ 22ኤም አድርጉ። ባዶ መሆኑ አያሳስብም፣ ቤዝ 64 አይጨምቀውም። ሁለቱንም እንደ ሠራተኛ ሆናችሁ ከአውትሉክ ወይም ከተንደርበርድ ላኩ። ትንሹ መሄድ፣ ትልቁ ገና ሳይወጣ መመለስ አለበት። ከዚያ ያንኑ ከዌብሜይል ሞክሩ፤ ኤንጂንኤክስና ፒኤችፒ የሚጋለጡት እዚህ ነው። በመጨረሻ ከጂሜይል 24 ሜጋ ፋይል ወደ ራሳችሁ ላኩ። ከ25 በላይ ከሆነ ጂሜይል ራሱ ወደ ድራይቭ ሊንክ ስለሚቀይረው የእናንተን ገደብ በዚያ መፈተን አይቻልም።

ሙከራው ካለፈ ለሠራተኛው አጭር ማስታወቂያ አውጡ። ባይት ቁጥር አትጻፉበት። «ከ20 ሜጋ በላይ የሆነ ፋይል በኢሜይል አይሄድም፤ በጋራ ማህደሩ አስቀምጡና ሊንኩን ላኩ» በቂ ነው። የጋራ ማህደር ከሌለ ግን ገደቡን ከማጥበቃችሁ በፊት እሱን አቋቁሙ፤ ኔክስትክላውድ የተባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም በአንድ መጠነኛ ሰርቨር ላይ ይሠራል። አማራጭ ያልተሰጠው ሰው 60 ሜጋውን የጨረታ ሰነድ አራት ቦታ ቆርጦ በአራት ኢሜይል ይልከዋል፤ መስመሩ ላይ የሚወርደው ጭነት አይቀንስም።

ከሳምንት በኋላ

ሎጉ ውስጥ 5.3.4 የሚለውን በግሬፕ ፈልጉ። ሁለት ዓይነት መስመር ይወጣል። «ሪጀክት» የሚል ያለበት የእናንተ ሰርቨር የመለሰው ነው። የሌላ ሰርቨር ስም ጠርቶ የእሱን ገደብ አልፏል የሚለው ደግሞ የእናንተ ሰው ልኮ እዚያ ያልተቀበሉት ነው፤ ለዚህኛው እናንተ ጋ የሚስተካከል ቅንብር የለም፤ ለሠራተኛው ሊንክ ላክ በሉት።

በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አንድ አድራሻ በየጥቂት ደቂቃው እየደጋገመ ከመጣ ሰው ላይሆን ይችላል። የኮሪደሩ ስካነር፣ የጥበቃ ካሜራ ወይም በየሌሊቱ የመጠባበቂያ ሪፖርቱን አያይዞ የሚልክ ስክሪፕት ይሆናል። አይፒውን ከሎጉ አንብባችሁ መሣሪያውን አግኙት፣ የሚልከውን አሳንሱ ወይም ወደ ማህደር እንዲያስቀምጥ አድርጉ። አድራሻዎቹ የተለያዩ ደንበኞች ከሆኑና መጠኑ ሁሉ ከገደቡ ትንሽ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ግን ቁጥሩን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስኬዳል፤ መጠባበቂያውን፣ ክላምኤቪንና የሳጥኑን ቁጥር አብራችሁ።